ከቀራንዮ እስከ ዓባይ መውጫ፦ አንድ ሌሊት ከታንኳና ከውሻ ጋር

በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ቤተሰቦች ወንዝ አጥተን አናውቅም። ትንሹ አቃቂ ከነገባሮቹ በሰፈራችን ሸለቆዎች እየወረደ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይሄዳል፤ ከዚያም ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ነገር ግን ይህ ውሃ በበጋ ቀጭን፣ በክረምት ደራሽ፣ ከከተማውም በሚለቀቅበት ቆሻሻ የተበከለ ስለ ሆነ፣ ልጆቻችን ወንዝን የሚያውቁት አፍንጫን ይዞ በድልድይ የሚታለፍ ነገር አድርገው ነው። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል በኋላ ሦስት ጎረቤታሞች ቤተሰቦች ተመካክረን፣ ወንዝ ሰውን ሲሸከም ለልጆቻችን ለማሳየት ወደ ባሕር ዳር ተጓዝን። መቻል የተባለውን የግቢያችንን ውሻም ይዘነው ሄድን።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እየከበበ ስለሚዞር፣ ከአዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ሐይቁ ከመድረሱ በፊት ወንዙን በጥልቁ በረሃ ውስጥ ይሻገረዋል። ያ ገደል ለታንኳ የሚሆን አይደለም። ከባሕር ዳርም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወድቃል። እኛ የፈለግነው ጸጥተኛው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ በደብረ ማርያም ደሴት አጠገብ ያለው ነው፤ እርሱም ቢሆን ጥቂት ዝቅ ብሎ በ1988 ዓ.ም. የተሠራው የጨራጨራ ግድብ ይጠብቀዋል።

የጣና ታንኳ ሚስማር አያውቀውም። በውሃው ዳር የሚበቅለው ደንገል ተቆርጦ በፀሐይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ አፍንጫውም ወደ ላይ ይቀለበሳል። በዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገል ይንሳፈፋል እንጂ ውሃን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ቀኑን ሙሉ ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ማታ ማታ ከውሃ ወጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ መንጠፍጠፍ ይገባዋል። ከቀዛፊዎቻችን አንዱ፣ በዕድሜ የገፉት፣ ስለዚህ ነገር ሲነግሩን፣ «ታንኳ እንደ በሬ ነው፤ ማታ ካልፈታችሁት ነገ አያርስላችሁም» አሉ።

በማለዳ በሦስት ታንኳ ተሳፈርን፤ ነፋስ የሚነሣው ከቀትር በኋላ ነውና። መቻል በመጀመሪያ እግሮቹ ተንቀጠቀጡ፤ በኋላ ግን ሆዱን ደንገሉ ላይ አስደግፎ ተኛ። በደብረ ማርያም ወርደን ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምን። ውሻ ወደ ቅጥሩ አይገባምና ከመካከላችን አንዱ በተራው ከመቻል ጋር ታንኳው ዘንድ ቆየ። ከዚያም ወደ ማዶ ተሻግረን፣ ቀኑ ሲያዘቀዝቅ አንድ ገበሬ ደጅ ቆመን፣ «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» አልን። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው ከጭድ ክምሩ አጠገብ ድንኳን እንድንተክል ፈቀዱልን። ወደ ውሃው ቀርበን እንዳናድር ግን አጥብቀው አስጠነቀቁን፤ በዚያ በኩል የጉማሬ መንገድ ነበረና።

ለራታችን ቀረሶ ጠበስን። ቅርፊት የሌለውን አምባዛ በቤታችን ልማድ ስለማንበላው የመቻል ድርሻ ሆነ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ መቻል ተነሣ። አልጮኸም፤ ጆሮውን አቁሞ አጉረመረመ። በጨለማው ውስጥ ሣር ሲገነጠል ተሰማን፤ ከባድ ትንፋሽም ተከተለው። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል፤ በእርሱና በውሃው መካከል የቆመውን ግን እንደ ጠላት ያየዋል። የውሻውን ገመድ የያዘችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ሄዶ ያባርርልን ብላ ልትለቀው ስትል፣ ሽማግሌው ቀዛፊ እጇን ይዘው፣ «ልጄ፣ አትልቀቂው። ውሻ ሲያሳድዱት የሚመለሰው ወደ ጌታው ነው፤ ይዞብን ይመጣል» ብለው በሹክሹክታ ነገሯት። ልጅቱም ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ መቻልን በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ቆየች። እሳቱን ቆሰቆስን፤ ማንም አልተናገረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማን፤ መቻልም አፍንጫውን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ተኛ።

በመጽሐፈ ጦቢት፣ ጦቢያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው እንደ ተከተለው፣ መንገደኞቹም በጤግሮስ ወንዝ ዳር እንዳደሩ ሁላችን የምናውቀው ነው። ያ ውሻ ምንም ተአምር አላደረገም፤ አብሮ ሄደ፤ አብሮ ተመለሰ። የመቻልም አገልግሎት ይኸው ነበር። እኛ ያልሰማነውን አስቀድሞ ሰማ፤ የቀረው የልጅቱ መታገሥ ነበር።

በነጋታው ታንኳዎቹ ተንጠፍጥፈው ቀልለው ነበር። ይሁን እንጂ ቀዛፊዎቹ ደንገል ፍለጋ ከቀድሞው ይልቅ ርቀው እንደሚሄዱ ነገሩን። የደንገሉ ስፍራ እየተመነጠረ እርሻ ሆኗል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ወርሮታል። ደንገሉ ከጠፋ ታንኳው፣ ታንኳውም ከጠፋ ጥበቡ መጥፋቱ የማይቀር ነው።

እንዲህ ላለው ጉዞ የሚነሡ ቤተሰቦች አስቀድመው የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ፤ ዋና ለማያውቅ ሁሉ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያልብሱ፤ ለውሻቸው ጠንካራ ገመድ ይያዙ፤ ከውሃው ዳር ርቀው፣ ባለ አገሩን አስፈቅደው ይደሩ። ከሁሉም በላይ አይቸኩሉ። በደንገል ታንኳ የሚሄድ ሰው ምሽት ሲደርስ መቆም ግዴታው ነው፤ ካልቆመ የተሸከመው ነገር ራሱ ከበታቹ ይሰምጥበታልና።