መርፌ ወይስ ብየዳ

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስዋገን ነክቶ የማያውቅ መካኒክ ማግኘት ይከብዳል። እሱ ባይነካት አባቱ ወይም አጎቱ ነክተዋታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውን ቮልስ ‹‹ካንዴላዋን የቀየርኩላት እኔ ነበርኩ›› ያሉኝ ሽማግሌዎች ብቻ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ስለ ቀለሟ አይስማሙም።

እንዲህ ባለ ከተማ ቮልስ ይዞ ስለ መለዋወጫ ማማረር ቅብጠት ሊመስል ይችላል። የእኔዋ ግን ከወገቧ በታች ቮልስ፣ ከወገቧ በላይ ባዕድ ናት። ጣራዋ ሸራ ነው፤ ወደ ኋላ ይታጠፋል። አባቴ በ1969 ዓ.ም. አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ አስተማሪ ገዛት። ስሪቷ በፈረንጆቹ 1970 ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እኔ እነዳታለሁ፣ እናቴ ትሳፈርባታለች። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ሚኒባስ ላይ መውጣት አትችልም። በሳምንት ሁለት ቀን ለሕክምና የምትመላለሰው በዚህችው መኪና ነው። ስለ መዝናኛ የማወራ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው ይህን አስቀድሜ የምናገረው።

ተራዋ ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ባለ ሸራዋን ግን ኦስናብሩክ በምትባል የጀርመን ከተማ የነበረው የካርማን ፋብሪካ ከ1949 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ሲሠራት ቆይቶ በ332 ሺህ ገደማ አቆመ። ከመቶ ሁለት እንኳ አትሞላም። የእኔና የመለዋወጫ ሻጮች ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሐል ነው።

ከወገብ በታች ያለው ችግር፣ እውነት ለመናገር፣ ችግር አይባልም። የፍሪሲዮን ሽቦ ቢበጠስ፣ ፑንቲና ቢቃጠል፣ ማርሚታ ቢበሳ፣ ሱማሌ ተራ አለ። እዚያ ስደርስ መጀመሪያ የሚገጥመኝ ደላላ ነው፤ ‹‹እህት፣ ባለቤትሽን አትልኪውም? አንቺ ምን አደከመሽ?›› ይለኛል። ባለቤት እንደሌለኝ መንገሩ ወሬ ስለሚያስረዝም ዝም ብዬ አልፋለሁ። በዚያ ሠፈር የተማርኩት ትልቁ ብልሃት አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ይዞ መሄድ ነው። አውጥቶ ባንኮኒ ላይ ማኖር፣ ከዚያ ዝም ማለት። የዕቃውን ስም አሳስቶ የጠራ ሰው ዋጋው ወዲያው ይጨምርበታል፤ ዝም ያለ ግን ምን ያህል እንደሚያውቅ አይታወቅም።

ቮልስ ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቻርጅ ቀይ መብራት በርቶ አልጠፋም ካላችሁ፣ ‹‹ባትሪ ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ›› ብላችሁ አትገስግሱ። በቮልስ ዲናሞውንም፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ፋን የምታዞረው አንዲት ቺንጋ ናት። እሷ ከተበጠሰች ውሃ የማያውቀው ሞተር አየሩንም ያጣል፤ ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል። ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። እኔ ትርፍ ቺንጋ ከመኪናዋ አልለይም። (የመስታወት ማጠቢያዋ ውሃ የሚረጨው ደግሞ ከትርፍ ጎማዋ በሚመጣ አየር ነው። ጎማው ሲተነፍስ መስታወቱም አይታጠብም። ይህን ያሰበው ጀርመናዊ ቆጣቢ ነበር ወይስ ቀልደኛ፣ እስካሁን አልወሰንኩም።)

ወደ ጣራው ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሸራው በሁለት በኩል ተቀደደ። ዝናቡ እናቴ ትከሻ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ነጠላዋን አጥፋ ትከሻዋ ላይ ትደርባለች፣ ሐኪም ቤት ስንደርስ ነጠላው ይጨመቃል። በዓይን የሚታየው ይህ ነበር። የማይታየው የባሰ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ በሸራው የገባው ውሃ ወርዶ እዚያው ይተኛል፣ ወለሉን ዝገት ይበላዋል። ወንበሩን አንስቼ ሳይ ላሜራው በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈር ነበር።

መካኒኬ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። ‹‹እህቴ፣ ከታረደች ቮልስ ጣራ ቆርጠን እንበይድላት፤ ሁለት ቀን ነው።›› ዋጋውም ከሸራው ያንሳል። እናቴ ደስ አላት።

‹‹ጣራ ማለት የሚዘጋ ነገር ነው›› አለችኝ። ‹‹አባትሽ ራሱ ስንት ጊዜ ከፈታት? የሰርጋችን ዕለት፣ አንቺን ከሆስፒታል ይዘን ስንመጣ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ላንጋኖ ስንሄድ። በላንጋኖው አቧራ ጠገብን።››

‹‹እማዬ፣ ከተበየደች በኋላ እኮ መመለሻ የላትም።››

‹‹እኔ የምፈልገው ደረቅ ወንበር ነው፣ አንቺ ልጅ።››

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ሜትር ይዤ ግቢ መውረድ ነው። የባለ ሸራዋ የፊት መስታወት ከተራዋ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ከሌላ የተቆረጠ ጣራ ቢመጣ ግንባሩ አይገጥምም፣ የፊት ቋሚዎቹም አብረው መቆረጥ አለባቸው። የበሮቿ መስታወቶች ዙሪያቸውን ክፈፍ የላቸውም፤ በሮቹም ሊለወጡ ነው። ‹‹ሁለት ቀን›› የተባለው ሥራ ግማሽ መኪና መለወጥ ሆኖ ተገኘ። ተቃራኒውን የሚሠሩም አሉ፦ ለሰርግ እንዲያከራዩዋት የደህናይቱን ቮልስ ጣራ በመጋዝ ያነሳሉ። ካርማን ግን ጣራውን ብቻ አንስቶ አልተወም፤ ከበሮቹ ሥር ግራና ቀኝ ማጠናከሪያ ብረት አስገብቷል። ያ የሌላት መኪና ወገቧ ይጎብጥና አንድ ቀን ሙሽሪት በር አልከፈት ይላታል። የበየደም የቆረጠም ተመሳሳይ ሰው ነው ባይ ነኝ፤ መኪናዋ እንዴት እንደተሠራች ለማየት ጎንበስ አላለም።

ሌላ መኪና መግዛትስ? የሚል ይኖራል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል፤ እዚሁ ያሉትን አሮጌዎች ደግሞ ደላላ ዋጋቸውን ሰማይ ሰቅሏቸዋል። እኔ ደግሞ በጽሑፍ የማድር ሰው ነኝ። ያለችኝን ማዳን ነበረብኝ።

አባቴ ሸራዋን የሚያሰፋው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ከነበሩ የታፒሴሪ ባለሙያ ዘንድ ነበር። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ሰውም እንደ መለዋወጫ እንደሚፈለግ ያን ጊዜ ገባኝ። የቀድሞ ጎረቤታቸው የነበረ ሻይ ሻጭ ወደ ልጃቸው መራኝ፣ ልጃቸው ወደ ገላን። ሽማግሌው በቆርቆሮ በታጠረች ግቢ ውስጥ የባጃጅ ወንበር ሲሰፉ አገኘኋቸው። መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩና ስለ አባቴ ጠየቁኝ። ማረፉን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከዚያ፣ ‹‹አሮጌውን ሸራ እንዳትጥይ፣ ልጄ። ልኩ ያለው እሱ ላይ ነው›› አሉ።

ጣራው አንድ ጨርቅ ይመስለኝ ነበር። ሲፈታ ሽፋኑ፣ ከሥሩ ድልዳሉ፣ ከውስጥ ደግሞ ኮርኒሱ ለየብቻ ወጡ። ግንባሩ ላይ፣ ከመስታወቱ በላይ የሚያርፈው እንጨት በስብሶ ዱቄት ሆኗል። ይህንን የጀርመን ሻጮች በውድ ይሸጡታል። ጋሼ ግን ጎረቤታቸው ያለውን አናጢ ጠርተው የበሰበሰውን አሳዩት፤ አናጢው ከዋንዛ ጠርቦ በሦስተኛው ሙከራ ልኩን አመጣው። ሸራው የጭነት መኪና ሸራ ነው። ‹‹ቀለሙ አያምርም›› ብላቸው፣ ‹‹ለዝናብ ነው ለፎቶ?›› አሉኝ። የናይለን ክር አልፈልግም ብለው የጥጥ ክር አስመጡ፤ ጥጥ ውሃ ሲነካው አብጦ መርፌው የበሳውን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ናይለን ግን አያብጥም። የተሰፋውንም ቶሎ አልወጠሩትም፤ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጡት።

የቀረው ጎሚኒው ነበር፤ በመስታወቶቹና በጣራው መጋጠሚያ የሚገባው። ይህን እዚህ የሚያቀልጠው የለም። መካኒኬ ከተጣለ ፍሪጅ በር የተፈታ ጎሚኒ ገጥሞ ሞከረ። ለአንድ ሳምንት ሠራ፣ ከዚያ ተላጠ። በመጨረሻ ቨርጂኒያ ያለችው የአጎቴ ልጅ ትክክለኛውን ገዝታ፣ ለገና ስትመጣ በ23 ኪሎ ሻንጣዋ ውስጥ በሕፃን ልብስ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ስትመለስ በዚያው ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ሞላንላት። የማን ዕቃ እንደከበደ አልመዘንም።

ሥራው ሲያልቅ ጋሼ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጡኝ፦ ‹‹እርጥብ ጣራ አታጥፊ፤ ይሻግታል።›› ከዚያ እናቴን ከኋላ ወንበር አስቀመጧትና ልጃቸው በባልዲ ውሃ ጣራው ላይ ያፈስ ጀመር። አንድ ባልዲ፣ ሁለት፣ ሦስት። እናቴ እጇን ዘርግታ ኮርኒሱን ትዳስሳለች። በአራተኛው ከግራ ማዕዘን አንዲት ጠብታ መጥታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ አረፈች።

‹‹ወደ ቀኝ ጠጋ ይበሉልኝ፣ እትዬ›› አሉ ጋሼ፤ መርፌያቸውን ከኮታቸው ላይ እየነቀሉ።