ሚኒሞውን ከመንካት በፊት

በሪያድ አሮጌ ባለካርቡሬተር መኪና የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መብራት ላይ እየተንቀጠቀጠ ቢጠፋባችሁ፣ የወር አበላችሁን ለአዲስ ካርቡሬተር ለመክፈል አትቸኩሉ። እኔንም ዑለያ ጎዳና ላይ ሲያስቸግረኝ ሰንብቶ አንድ ጋራዥ «ይቀየር» አለኝ፤ አልተቀበልሁም። የአየር ማጣሪያውን አንሥቼ ብመለከት፣ ሞተሩ ግሎ ሳለ የቾኩ ክዳን በግማሽ እንደተዘጋ ነው፤ አቧራ አጣብቆታል። ቾክ እኮ አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛው ለቀዘቀዘ ሞተር ነው፤ ለጥር ማለዳ እንጂ ለሐምሌ 45 ዲግሪ ምን ያደርጋል! ጥቁሩ ጭስም፣ ጥላሸት የለበሰው ካንዴላም ከዚሁ የመጣ ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ሲበርድ ማጠፊያውን አጥቤ አላቀቅሁት። ሚኒሞውን በካቻቢቴ ያስተካከልሁት ከዚያ ወዲያ፣ ሞተሩን እንደገና አሙቄ ነው፤ ቀድሞ ሚኒሞ መጨመር በሽታውን መደበቅ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ስስ አየር ልክ የተስተካከለ ካርቡሬተር 600 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሪያድ ቤንዚን ያንሰዋል። አበሉ ለመጽሐፍ ዋለ።