እንስሳትን አይቶ መሣል፤ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

አባታችን አዳም ለእንስሳት ስም ያወጣላቸው በፊቱ ቀርበው ካያቸው በኋላ እንደ ሆነ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። እኛ ግን ብዙዎቹን ሳናያቸው እንሥላቸዋለን።

ለሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ርብቃ ግመሎችን ስታጠጣ የሚያሳይ ሥዕል ጀምረን ነበርና፥ ባለፈው ጥር፥ ቆላው በረድ ባለበት ወራት፥ ደብተርና እርሳስ ይዘን ወደ ሰመራ ተነሣን።

በመንገዳችን ያረፍንባት አዋሽ ሰባት ኪሎ በምድር ባቡር ምክንያት የተቈረቈረች ከተማ ናት። በአጠገቧ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በዚያ ሜዳ ፊቱ ጥቁርና ነጭ የሆነውን ሳላን አገኘን። ቀንዶቹ ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ናቸውና በጎን ሲቆም ተጋርደው አንድ ይመስላሉ። እኛም ቀንዱን ስናስጌጥ አንገቱ ላይ ሳንደርስ ሳላው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ልማዳችንን ለወጥን፤ አስቀድመን ከራስ እስከ ጅራት የጀርባውን መሥመር እርሳስ ሳናነሣ ሳብን፤ ቀጥለን የትከሻውንና የዳሌውን ዝንባሌ፥ ከዚያም ክብደቱን የጣለበትን እግር አመለከትን። ሲንቀሳቀስ ሳንደልዝ በዚያው ገጽ ሌላ ጀመርን፤ ወደ ቀደመው አቋቋሙ ሲመለስም ወደ ፊተኛው ሥዕል ተመለስን።

ከአዋሽ በጅቡቲ መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጉዘን የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ሰመራ ደረስን። በመንገድ ዳር ግመሎች የሚነዳ አንድ ወጣት አገኘንና መምህር መሆናችንን ነግረን ከቤታችን ያመጣነውን ሥዕል አሳየነው። ጥቂት ተመልክቶ፥ «መምህር፥ ይህ ግመልዎ ይወድቃል» አለን። በዕድሜ አባቱ ልንሆን የምንችል ሰው ነንና አፈርን።

ነገሩ ግን እውነት ነበረ። ግመሉን በሶምሶማ እንደሚሄድ ፈረስ፥ የቀኙን የፊት እግር ከግራው የኋላ እግር ጋር አንሥተን ሥለነው ኖሯል። ግመል ግን እንደ ሰጋር በቅሎ የአንዱን ጎን እግሮች አብሮ ይሰነዝራል። ሲንበረከክም አስቀድሞ በፊት ጉልበቶቹ ይወርዳል፤ ኋላ የኋላ እግሮቹን ያጥፋል። እረኛው ይህን ያወቀው በየዕለቱ ከግመሎቹ ኋላ ሲሄድ አይቶ ነው።

ቅዱሳት ሥዕላት ከአባቶች በተቀበልነው ሥርዐት ይሣላሉ፤ ያን አንነካም። ለትምህርት የምንሥለው እንስሳ ግን ፈጣሪው እንዳቆመው ሊሣል ይገባዋል። ስንመለስ ስሕተታችንን ለሕፃናቱ ነግረን ሥዕሉን እንደ አዲስ ጀመርን።

ወላጆች ሆይ፥ ሥዕል የሚወድ ልጅ ካላችሁ በደጃችሁ ያለችውን ዶሮ፥ የታሰረውን በግ እያየ ይሣል። በትዕግሥት ማየትን የለመደ ልጅ የፈጣሪውን ሥራ ማክበርንም ይማራል። አምላካችን ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን፤ አሜን።