የእኅቴ ልጅና የመኪናዬ በር

የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር የምመላለስባት አንዲት አሮጌ ነጭ ፒካፕ አለችኝ። ባለፈው ክረምት ጭቃው አንሸራቶኝ የግራ በሯና ፓራፋንጎዋ ከቋጥኝ ጋር ተላትመው ወደ ውስጥ ጎደጎዱ። የእኅቴ ልጅ በዚያን ጊዜ በጎንደር ከተማ፣ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ፣ ሰው ባትላሜራ የሚለውን የመኪና ቆርቆሮ የማቃናትና ቀለም የመቀባት ሥራ ይማር ነበርና፣ «ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ያምጧት፤ የምንማረው የደንበኛ መኪና እየተቀበልን ነው፤ ዋጋውም ከጋራዥ ያንሳል» አለኝ። እውነቱን ልናዘዝና፣ መኪናዬን የወሰድኋት ዋጋው ስላማለለኝ ነበር።

እናቴ ግን ልጁ ወደዚህ ሙያ መግባቱን ከሰማች ጀምሮ ልቧ አልቀናም። «የቄስ የልጅ ልጅ ብረት ሲቀጠቅጥ ሊውል!» ባለች ቁጥር እኅቴ ታለቅሳለች። ይህ ነቀፋ በአገራችን ያረጀ ነው። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻችንን ሲቀጠቅጡልን፣ ሸክላችንን ሲሠሩልን፣ እኛ «ቡዳ» እያልን ስንሸሻቸው ኖርን። ከወገኖቻቸው ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዳሩ ግን አዋጁ እናቴ ቤት ገና አልደረሰም። ቅዱስ ዮሴፍ ጠራቢ፣ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ እንደ ነበሩ ብነግራት፣ «እነርሱ የያዙት እንጨትና ሸራ ነው» አለችኝ። ወርቁንና ናሱን የሠራውን ባስልኤልን ባነሣባት፣ «ያ ለደብተራ ኦሪት ነው» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

በማሠልጠኛው ግቢ ተቀምጬ ሥራውን ተመለከትሁ። ተማሪው ከውስጥ በኩል ብረት ደግፎ ከውጭ በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታል፤ ምቱ ከበዛ ቆርቆሮው ይለጠጥና እንደ ከበሮ ይነፋል። ዓይን የማያየውን ጉድጓድ በመዳፍ ዳብሶ ያገኘዋል። ብረቱ ከቀና በኋላ የቀረችውን ጥቂት ጉድለት ስቱኮ ይሞላታል፤ ይኸውም ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያም በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በለስላሳው ይፋቃል፤ ፀረ ዝገት ይቀባል፤ በመጨረሻም ቀለሙ ይረጫል። አንድ ልጅ አፉን በሻሽ አስሮ ሊረጭ ቢመጣ መምህሩ መለሰው፤ ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው ቀለም ትነቱ አስም ያመጣልና፣ ጨርቅም አያግደውምና።

መኪናዬን ልወስድ በቀጠሯችን ቀን ደረስሁ። በማግሥቱ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር በእኔ ተራ ነበርና ዱቄቱም ብቅሉም ከገበያ ተገዝቶ ይጠብቀኛል። መኪናዋ እንደ መስተዋት ታበራለች። የእኅቴ ልጅ ግን መሬት መሬት እያየ ቆየና፣ «መምህር፣ ከበሩ ግርጌ ብረቱ እንቢ ሲለኝ ስቱኮ ሞልቼበታለሁ» አለ። መምህሩ ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ከበሩ ላይ አደረገው፤ ከላይ ያዘ፣ ከግርጌው ግን ወደቀ። ሁሉም ተፍቆ እንደገና ሊሠራ ነው፤ አራት ቀን።

እኔም ተቈጣሁ። «ማን ያየዋል? ዛሬውኑ ስጡኝ!» አልሁ። ልጁም፣ «ጋሼ፣ በእኛ መንገድ ሲንገጫገጭ ይሰነጠቃል፤ ውኃ ይገባውና ከሥር ይዝጋል፤ እርስዎም የሚያውቁት ብረቱ ከተበላ በኋላ ነው» አለኝ። ዱቄቱንና ብቅሉን በሕዝብ ማመላለሻ ጭኜ፣ ስነጫነጭ ትክል ድንጋይ ገባሁ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ለማኅበር የሚሆን ዱቄት አስቀምጬ፣ አንድን የሃያ ዓመት ልጅ ጥፋቱን በቀለም እንዲሸፍን መገፋፋቴ ነበር። ለንስሐ አባቴም ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም ልጁን ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙኝ።

ልጆች በሰው ንብረት ላይ አይማሩ የሚሉ አሉ። ባለመኪናው አስቀድሞ ይነገረው፣ መምህርም ሳያይ አይውጣ፤ ይህን እኔም እላለሁ። ነገር ግን ያ ልጅ የተጣለ ቆርቆሮ ላይ ቢማር ኖሮ ያን ስቱኮ ለማን ብሎ ይናገረው ነበር?

በአምስተኛው ቀን መኪናዋን ራሱ እየነዳ አመጣት። በሰው ፊት ይቅርታ ስጠይቀው አፍሮ ወደ ጎማው ጐንበስ አለ። እናቴ በከዘራዋ እየተደገፈች ወጣችና፣ «የተጎዳው የቱ ጋ ነበር?» አለች። እጇን ይዞ ከበሩ ግርጌ አኖረላት። በመዳፏ ወዲያና ወዲህ ብትዳብስ አጣችው። አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ቤት ገባች፤ ጥቂት ቆይታም አፏ የተጣመመ የእጅ ማስታጠቢያ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ መጥታ ከፊቱ አስቀመጠችለት።