ፈላሲው ማን ነው?

በቅርቡ ክፍል ውስጥ ስለ ቅርስ ስንወያይ አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣ። ዳባት አጠገብ አለምዋጭ በተባለው ስፍራ በ2014 ዓ.ም. የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ መከፈቱን አንሥቶ፣ «መጤ ሲበዛ የአገሬው ባህል ይጠፋል» አለ። መምህር ነኝና መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ አልሰጠሁም። ዝም ያሰኘኝ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የገዛ ትዝታዬ ነው።

ያደግሁት በቀድሞው ወገራ አውራጃ፣ ከዳባት ብዙም በማትርቅ መንደር ነው። አባቴ የሚያርሱበትን ማረሻ የሚቀጠቅጡት፣ እናቴ የምትጋግርበትን ምጣድ የሚሠሩት ከጅረቱ ማዶ የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ፊት ለፊት «ባለ እጅ»፣ ዞር ሲሉ «ፈላሻ»፣ ልጅ ሲታመም ደግሞ «ቡዳ» ይባሉ ነበር። የቀጥቃጩ ልጅ እኩያዬ ነበር፤ አብረን ከብት አግደናል። በጨዋታ የረታኝ ዕለት ያንኑ የአዋቂዎች ስድብ እኔም በፊቱ ጮኽሁበት። ሳይመልስልኝ ከብቶቹን ነድቶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1976 ዓ.ም.፣ ቤታቸው ባዶ ሆኖ አደረ። ወደ ሱዳን አቀኑ ተባለ።

ታሪኩን የተማርሁት ካደግሁ በኋላ ነው። «ፈላሻ» የሚለው ስም «ፈለሰ» ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር ይያያዛል፤ ከአገሩ የተነቀለ እንደ ማለት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አዘዙ። ርስት ያጣ ሰው ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ዞረ፤ በእጁ ሥራ ስላደረም ተናቀ። እነዚህ ሰዎች ግን በሰሜን ተራሮች አምባ ላይ የራሳቸው ገዢዎች የነበሯቸው፣ ከዐፄ ሠርፀ ድንግልና ከዐፄ ሱስንዮስ ጦር ጋር የተዋጉ፣ ኦሪታቸውን በግእዝ የሚያነቡ ባላገሮች ናቸው። ፈላሲ የተባሉት ከመፍለሳቸው ከብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ነው።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጉት ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ወደ 4,000 ይገመታሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ የሚሆኑትን ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ አጓጓዘ። ለመሆኑ እዚያ ሲደርሱ ምን ተባሉ? «ኢትዮጵያውያን»! እኛ አሳንሰን የሰጠናቸውን አገር እነርሱ በቆዳቸው፣ በአማርኛቸውና በእንጀራቸው ተሸክመውት ሄደዋል። በአገር ቤት ተራራ ወጥተው ያከብሩት የነበረውን ስግድን እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት የአገሪቱ በዓል አድርጎ ደነገገው። እዚህ ግን የስግድን ትርጉም የሚያውቅ ተማሪ በክፍሌ አላገኘሁም።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ ስንኮራ፣ በእነዚያው ተራሮች ላይ ስለኖሩት ሰዎች ግን አናነሣም። እንግዲህ ባህል የሚጠፋው መጤ ሲበዛ ነው ወይስ ባላገሩን መጤ ስንል? በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከአዲ አርቃይ አቅጣጫ ያፈናቀላቸው ወገኖች ደባርቅን ሲሞሏት፣ ከቤት መነቀል ምን እንደሆነ እኛም በዓይናችን አይተናል።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ ይህንኑ ነገርኋቸው፤ ስድቤንም አልደበቅሁም። ያው ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ጋሼ፣ የልጁ ስም ማን ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

ስድቡን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ስሙን ግን አላስታውስም።