«ፎርማት» የሚለውን አትጫኑት

ዛሬ ከሰዓት የግቢያችን እማማ ሃርድ ዲስክ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡ። ልጃቸው ከዋሽንግተን በሰው እጅ የላከላቸው ነው፦ የልጅ ልጆቻቸው ክርስትና፣ ልደት፣ የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት፣ በስልክ ታይቶ የማይጠገብ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ኮምፒውተር ቤት ወስደውት ነበር። «ተበላሽቷል፣ ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም» ተባሉ። እማማ ፎርማት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ግን «ለልጄ ሳልነግር አላስነካም» ብለው ይዘውት ወጡ። እግዜር ይስጣቸው፣ ፎቶዎቹን ያዳኑት እሳቸው ናቸው።

እኔ ጋ ስንሰካው ያችው የምታውቋት መልእክት ብቅ አለች፤ ዊንዶውስ የተሰካውን ዕቃ አላወቅሁትም አለ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት፣ ኮድ 43። የእማማ ፊት ጠቆረ። «ልጄ፣ እኔ ነክቼው ይሆን?»

ኧረ እማማ! እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1998 ቢል ጌትስ ራሱ ቺካጎ ውስጥ መድረክ ላይ ቆሞ ዊንዶውስ 98ን ሲያስተዋውቅ፣ ረዳቱ በዩኤስቢ ስካነር ሰካ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ አለ። ይህንን ስነግራቸው «ባለቤቱም ፊት?» ብለው ሳቁ፣ ከዚያ ቡናቸውን ጠጡ።

ይህ መልእክት ሰውን የሚያስደነግጠው ምን እያለ እንደሆነ ስለማይገባ ነው። ዕቃ ሲሰካ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፎቶ አይደለም። 5 ቮልት ይሰጠውና ማንነቱን ይጠይቀዋል፦ ማን ሠራህ? ምን ዓይነት ዕቃ ነህ? ምን ያህል ኤሌክትሪክ ትፈልጋለህ? ዕቃው የአምራቹን ቁጥርና የራሱን ቁጥር ይመልሳል፤ በዚያ ቁጥር ተመርቶ ዊንዶውስ ድራይቨር ይፈልግለታል። መልሱ ካልመጣ ወይም ተቆራርጦ ከመጣ ያ መልእክት ይወጣል። ደጅ ቆሞ «ማን ልበል?» ሲባል ድምፁ ያልተሰማ እንግዳ ማለት ነው፤ ጓዙ ውስጥ ምን እንዳለ ገና ማንም አላየም። ስለዚህ በዚህ ደረጃ «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚል ሰው ያላየውን ነው የሚያወራው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጉልበትና ገመድ ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ ሃርድ ዲስክ የራሱ ቻርጀር የለውም፤ የሚሽከረከረው ከዚያችው ቀዳዳ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ነው። የዩኤስቢ 2 መሰኪያ የተወሰነለት እስከ 500 ሚሊ አምፒር ነው፤ የዩኤስቢ 3 መሰኪያ፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነችው፣ እስከ 900። ዲስኩ ደግሞ ብዙ የሚፈልገው ሲነሳ ነው። የሲፒዩው ፊት ላይ ያሉት መሰኪያዎች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በውስጥ ገመድ ነው፤ ሲነቀል ሲሰካ ይላላሉ፣ አቧራም ይገባቸዋል። የኋላዎቹ ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። ከፊት ነቅዬ ከኋላ ሰካሁት፣ ገመዱንም ቀየርኩ። ኮድ 43 ጠፋ፤ ዲስኩም ሲዞር በእጄ ተሰማኝ።

ገመድ ብላችሁ እንዳታልፉት። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የሚያስተላልፈው ሽቦ ውስጣቸው የሌለ የስልክ ገመዶች አሉ፤ ስልክን ከኮምፒውተር ጋር ሊያገናኝ ሲሞክር ስንቱ በእነሱ ቀኑን ጨርሷል። መሰኪያና ገመድ ተቀይሮም እምቢ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። እዚያ ከሠራ ችግሩ የእናንተ ኮምፒውተር ነው፤ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ያንን ቢጫ ምልክት ያለበትን አስወግዳችሁ ኮምፒውተሩን ዝጉና ክፈቱ፣ ድራይቨሩን እንደ አዲስ ያነበዋል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ደጋግሞ የሚጮህ ከሆነ ግን ወዲያው ንቀሉት፣ ደግማችሁም አትሰኩት፤ ያ ብዙውን ጊዜ የውስጥ ስብራት ምልክት ነው፣ በእያንዳንዱ ሙከራም ሊብስበት ይችላል።

ዲስኩ ከታወቀ በኋላ ሁለተኛው መልእክት መጣ። ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት ይላል። ከሥሩ ቁልፉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ይህችን መልእክት ሳይ ደሜ ይፈላል። አያቴ ወሎ ውስጥ ስላደጉበት ቀዬ፣ ስለ 77ቱ ድርቅ፣ ማን ከማን ጋር እንደተሰደደ፣ ማን መንገድ ላይ እንደቀረ ያወሩትን በስልክ ቀድቼ ነበር። በመሃል የቡና ሙቀጫ ይሰማል፤ አያቴ የአንድ ሰው ስም ሲሳሳቱ ሴት አያቴ ከጓዳ «ኧረ እሱ አይደለም፣ ታናሹ ነው!» ብለው ያርሟቸዋል፤ እሳቸውም «አንቺ ንገሪያቸዋ!» ይላሉ። ስልኩ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ፣ የቀረን ድምፁን የገለበጥኩበት ፍላሽ ብቻ ነበር። እህቴ ሲቪ ልታስወጣ ያንን ፍላሽ ይዛ ፕሪንት ቤት ገባች። አልከፍት አለ። የፕሪንት ቤቱ ልጅ አንድ ቃል ሳይጠይቃት ፎርማት አደረገው። ያም ሳይበቃ «ባዶውን አትውሰጂው» ብሎ ፊልም ሞላላት። በደግነት ነው ያደረገው፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ምክንያቱም ያ ፎርማት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ድምፁ ይገኝ ነበር። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፣ ፋይሉ የተጻፈበትን ቦታ አይነካም። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ማውጫው ባይኖርም ፋይሎችን ራሳቸውን አነፍንፎ ያወጣል። ግን በላዩ ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈ የተጻፈበት አይመለስም። እኛ ያገኘነው ቁርጥራጭ ነው። አያቴ «እንግዲህ ያን ጊዜ...» ይላሉ፣ ይቆረጣል። ሁለቱም አያቶቼ ዛሬ የሉም።

ሾርትከት ቫይረስ የፍላሾቻችንን አበሳ ያሳየበትን ዘመን አስታውሱ። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይታያሉ፣ እውነተኞቹ ፋይሎች ግን እዚያው ፍላሹ ላይ ተደብቀው ተቀምጠዋል። አትሪብ በምትባል አንዲት ትእዛዝ የሚወጡ ነበሩ። ስንት መመረቂያ ጽሑፍ ነው በዚያ ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» ተብሎ የጠፋው? ልጆቹን ክፉ ናቸው አልልም፤ ማንም አላስተማራቸውም፣ ደንበኛው ይጣደፋል፣ ፎርማት ደግሞ ዕቃውን በእርግጥ ያሠራዋል። ፍላሹ ይድናል። ሰውየው ነው የሚጎዳው።

ወደ እማማ ዲስክ። መልእክቱን ዘግቼ ዲስክ ማኔጅመንት ከፈትኩ። ዲስኩ እዚያ ሙሉ መጠኑን ይዞ ተቀምጧል፣ ጤነኛ ይላል፤ የፋይል ሲስተሙ ስም በሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ለልጃቸው ደወልን። «ከማክ ላይ ነው የገለበጥኩት» አለ። አለቀ! አፕል የራሱ የፋይል ሲስተሞች አሉት፤ ኤችኤፍኤስ ፕላስ እ.ኤ.አ. ከ1998፣ ኤፒኤፍኤስ ከ2017 ጀምሮ። ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ሁለቱንም አያነብም። ማንበብ ሲያቅተው ደግሞ አላነበብኩትም ብሎ አይተውም፣ ላጥፋው ይላል። ይህ በኔ እምነት ከባድ የአሠራር ጥፋት ነው፤ ስለ ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ቁልፍ መቀመጥ የለበትም።

ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ዲዛይነር ማክ አላት። ሰካችው፣ ተከፈተ። አንድም ፋይል አልጎደለም። ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥንላቸው፣ የልጃቸውንም ዲስክ ሳንነካ መለስንላቸው።

ኮምፒውተር ቤትና ፕሪንት ቤት የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት «ውስጡ ምን አለ? ሌላ ቦታ ኮፒ አለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባዶ ካልሆነ ዲስክ ማኔጅመንትን እዩ፤ ማክ ያለው ሰው ፈልጉ ወይም ሊነክስ ላይ ሞክሩት።

ውጭ ያላችሁ፣ ማክ የምትጠቀሙ፣ ለእናት ለአባት ፎቶ የምትልኩ፦ ዲስኩ ገና ባዶ እያለ ዲስክ ዩቲሊቲ ገብታችሁ ኤክስፋት አድርጉት። ማክም ዊንዶውስም ያነቡታል፤ እንደ ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጠውን የሠርግ ቪዲዮ አልቀበልም አይልም። ከዚያ ፎቶውን ጫኑበት። አንድ ኮፒ ደግሞ እናንተው ጋ ይቅር።