አብሪ ትልና የእኔ ፍርድ

ሳይመረምር የሚፈርድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ራሱን ነው። ይህንን ያስተማረኝ አንድ ትንሽ ትል ነው።

ከወልድያ በስተ ደቡብ፥ በደሴ መንገድ ላይ፥ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትገኛለች። አገሩ ሞቃት፥ በመስኖ የሚለማ፥ ፍራፍሬ የማይታጣበት ነው። እኔም በዚያ ከቦይ ዳር ጥቂት ጎመን ተክዬ ነበር። በክረምት ጠዋት ጠዋት ስነሣ ቅጠሉን ተበሳስቶ አገኘው ጀመር። ሌባውን ለመያዝ አንድ ሌሊት ብወጣ፥ ከጎመኑ ሥር በእርጥቡ አፈር ላይ እያበሩ የሚሳቡ ትሎች አየሁ። «ለካ እናንተ ናችሁ!» አልሁና በማግሥቱ የተባይ መድኃኒት ረጨሁባቸው። ትሎቹ አለቁ፤ ጎመኑ ግን ከፊተኛው ይልቅ ተበላ።

በወልድያ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ ነገሩን አጫወትሁት።

«ትሉ ቅጠል ሲበላ በዓይንህ አይተሃል?» አለኝ።

«አላየሁም፤ ግን በአጠገቡ ሲያበራ አግኝቼዋለሁ።»

«እንግዲያስ ጠባቂህን ገድለሃል» አለና አስረዳኝ።

አብሪ ትል የምንለው የጥንዚዛ ወገን ነው። በዓለም ላይ ከ2,000 በላይ ዓይነቶች ታውቀዋል። ከእንቁላል የወጣው እጭ በእርጥብ አፈርና በወደቀ ቅጠል ሥር ብዙ ወራት፥ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ይኖራል፤ ምግቡም ቀንድ አውጣና የመሬት ትል ነው። አድጎ ጥንዚዛ ከሆነ በኋላ ያለው ዕድሜ ግን ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ብርሃኑ የሚወጣው ሉሲፈሪን የተባለ ንጥረ ነገር በሰውነቱ ውስጥ ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ሙቀት የለውም ማለት ይቻላል። ያደገው በብርሃኑ ተጓዳኙን ይጠራል፤ እጩ ግን «ሥጋዬ መራራ ነው፥ አትንኩኝ» እንደ ማለት ጠላቶቹን ያስጠነቅቅበታል።

ጎመኔን የበላው ቀንድ አውጣ ኖሯል። ሌባው በጨለማ ተሰወረ፤ ፋኖስ የያዘው ዘበኛ ግን ስለታየ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን ትቼ ቀንድ አውጣውን ማለዳ በእጄ እለቅማለሁ። ሁለት ክረምት አለፈ። በጎረቤቴ ቦይ ዳር ብርሃኑ ብልጭ ይላል፤ በእኔ ዘንድ ገና ጨለማ ነው። የአንዳንዶቹ ዓይነቶች ሴቴ ክንፍ የላትምና ከጠፉበት ስፍራ ቶሎ አይመለሱም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ጥፋት በተፈጸመበት ስፍራ የተገኘ ሁሉ አጥፊ አይደለም። ከመፍረድህ በፊት «ሲያደርግ አይቻለሁን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ለእኔ ለመፍረድ አንድ ሌሊት በቃኝ፤ ስሕተቴን ለማረም ስንት ክረምት እንደሚያስፈልግ ግን ገና እየቆጠርሁ ነኝ።